«በኋላ» የምትለው ቁልፍ

ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረቦቹም፣ የገዛ ሚስቱም ሳትቀር ሞገዱ እያሉ ነበር የሚጠሩት። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው። ገና ወጣት የስልክ ቴክኒሻን ሳለ የአማተር ሬድዮ ፍቅር ያዘው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሞገድ ሳያወራ ውሎ የገባበት ቀን ስላልነበረ ቅጽል ስሙ ዋናውን ዋጠው። ሲጋቡ አዲሱ ቤታቸው ውስጥ ከአልጋው ቀድሞ የገባው አንቴናው ነው። ሚስቱ ይህን ለሰው ስታወራ፣ «ሌላው ላም አለኝ በሰማይ ይላል፤ የኔው ባል ግን እውነትም በሰማይ ብዙ ነገር አለው» ትል ነበር።

እሷ የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። እሱም «አስተማሪዬ» ነበር የሚላት። በተጋቡ ሰሞን ጓሮ የተዘረጋው የአንቴና ሽቦ የልብስ ማስጫ መስሏት እርጥብ አንሶላ ደረደረችበት። ሞገዱ ውስጥ ተቀምጦ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ሲያወራ ሰውየው «ድምፅህ ደከመብኝ» ቢለው፣ ማሽኑን ፈታቶ ግማሽ ቀን ጥፋቱን ሲፈልግ ዋለ። ነገሩ ሲገለጥ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷ ግን ሬድዮ የሚባል ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነካም ብላ ማለች፤ መሐላዋንም ለዓመታት ጠበቀች።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው የከተማው አማተር ሬድዮ ክበብ ሆነ። ጎርፍ መጥቶ የስልክ መስመር ሲቆረጥ፣ የሩጫ ውድድር ሲኖርና በየመታጠፊያው ሰው ሲቆም፣ የክበቡ አባላት የእጅ ሬድዮ ይዘው ይወጣሉ። የእጅ ሬድዮ ደግሞ ተገዝቶ እንዲሁ አይወራበትም። በየትኛው ቻናል በምን ፍሪኩዌንሲ እንደሚናገር፣ ኮረብታው ላይ ቆሞ ድምፅ ከሚያሻግረው ጣቢያ ጋር በምን እንደሚግባባ አንድ በአንድ ሊሞላለት ይገባል። ይህ የሚሠራው ሬድዮውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። የክበቡን ሬድዮዎች ሁሉ የሚሞላው ሞገዱ ነበር። አባላቱ ሬድዮአቸውን በከረጢት ያመጡለታል፤ እሱም ከመኝታ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ይሞላል፣ ይፈትሻል፣ ይመልሳል።

ከዚያ መርሳት መጣ። መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤት ደርሶ የሚመለስበትን መንገድ፣ ቀጥሎ በሌላ ከተማ ፋርማሲስት ሆና የምትሠራውን የአንድ ልጁን ስም። ሐኪሙ የጭንቅላቱን ፎቶ አየና የበሽታውን ስም ነገራቸው። የሚድን አይደለም አለ፤ ቀስ እያለ የሚሄድ ነው አለ። አስተማሪዋ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ወደ ቤት ገባች።

አንድ ነገር ግን አልተነካም። ሞገዱ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ጠባቧ ክፍል ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ትከሻው ቀና ይላል። የፕሮግራሙን ግራጫ መስኮት ይከፍታል፤ ከላይ በግራ በኩል «አንብብ» የምትለዋን ይጫናል፤ ሰንጠረዡ ሲመጣ ቁጥሮቹን ይነካካል፤ በመጨረሻ «ጻፍ» የሚለውን ይጫንና የሬድዮው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል እጁን አጣጥፎ ያያል። የልጁን ስም የረሳ ሰው ይህን ሲያደርግ እጁ ቅንጣት አያመነታም። አስተማሪዋ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። በቀኑ ውስጥ ባሏን የምታገኘው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት መስኮቱ ላይ ያልታወቀ ጽሑፍ ወጣ። አስተማሪዋ ሞገዱ ሳይሰማ ልጇ ጋ ደወለች።

«እማ፣ አፕዴት ነው» አለቻት ልጅየው። «የፕሮግራሙ አዲሱ ወጥቷል፤ አሁን ይጫን ወይስ በኋላ ነው የሚለው።»

«ቢጫን ምን ይሆናል?»

«የተሻለ ይሆናል። ገጹም ይቀየራል መሰለኝ፤ ፎቶውን እያየሁት ነው፣ ነጭ በነጭ ሆኗል።»

አስተማሪዋ «በኋላ» የሚለውን ተጫነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባሏ ቀድማ እየተነሳች፣ ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ ጽሑፉ ሲመጣ «በኋላ»ን ተጭና ትወጣለች። ሞገዱ ሲቀመጥ የሚያየው የሚያውቀውን ግራጫ ብቻ ነው። ወራት እንዲህ አለፉ።

ክበቡ አዳዲስ ሬድዮ ሲያስመጣ ነገር ተበላሸ። ከአባላቱ አንዱ እንደ ልማዱ አንዱን አምጥቶ ለሞገዱ ሰጠው። አስተማሪዋ ምሳ እያቀረበች ነበር፤ እሱ ከጠባቧ ክፍል ወጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«አያነበኝም» አላት።

«ምኑ?»

«ሬድዮው። ገመዱን አስገባሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። አላውቅህም ይለኛል።»

ገብታ አየች። እውነትም አሮጌው ፕሮግራም አዲሱን ሬድዮ አያውቀውም።

«ፕሮግራሙ አርጅቶ ነው እንጂ አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችው።

«እኔስ?»

«አንተ ምን?»

«እኔስ አላረጀሁም?» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ምሳው ቀዘቀዘ።

ብዙ ነገር የሚረሳ ሰው ይህን ግን አልረሳ አለ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም ያንኑ ሬድዮ ያገናኛል፤ አላውቅህም ይባላል፤ ነቅሎ እንደገና ያገናኛል። አስተማሪዋ ሬድዮውን ብትደብቅበት ቤቱን ሁሉ ሲያምስ ዋለና፣ «ሥራዬን ቀሙኝ» ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ስትመልስለት ደግሞ ትግሉ ቀጠለ። አንድ ቀን ከኋላው ስትመጣ ድምፅ ሳያሰማ ሲያለቅስ አገኘችው። ገመዱን እንደያዘ ነበር።

ምክር ጠየቀች። ልጅየው፣ «እማ፣ አፕዴት አድርጊለት በቃ። በየቀኑ እምቢ ከሚለው ነገር ጋር ሲታገል ከሚውል፣ አዲሱን ቀስ ብሎ ይልመደው» አለች።

«መልመድ የሚባል ነገር እኮ ቀርቷል ልጄ» አለች አስተማሪዋ። «አሁን ያለው ያለው ብቻ ነው። የሄደ አይተካም።»

የክበቡ ሰብሳቢ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሬድዮ ያስተማረው ሞገዱ ነበር። እሱ ደግሞ በስልክ፣ «እትዬ፣ እባክዎ አይንኩት፤ ጎመን በጤና» አላት። «አዲሶቹን እኔ እሞላቸዋለሁ። ለጋሼ አሮጌዎቹን ብቻ እንልካለን።»

ሁለቱም ልክ መሰሏት። እንዲህ ሆና ስትዋልል፣ ሞገዱ ሞልቶ የጨረሳቸውን አሮጌ ሬድዮዎች በከረጢት ይዛ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ሄደች። ሌላ ጊዜ ደጅ ላይ ለጸሐፊዋ ሰጥታ ትመለስ ነበር። የዚያን ቀን ጸሐፊዋ አልነበረችም፤ ተራ የሚጠብቅ በሽተኛም የለም። የውስጡን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ጥርስ ሐኪሙ ነጭ ጋዎኑን እንደለበሰ ጀርባውን ሰጥቷት ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሯል። ከጎኑ፣ ባለፈው ሳምንት ራሷ ያመጣቻቸው ሬድዮዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ በገመድ ተሰክቷል። ላፕቶፑ ላይ ሰንጠረዥ ይታያል። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ደብተር ስታርም የኖረች ሴት ናት፤ ቁጥሮቹን ለማንበብ ጊዜ አልፈጀባትም። ከላይ እስከ ታች ያለው አንድ ቁጥር ነበር። ያው ቁጥር፣ በየመስመሩ።

«ይሄ የሱ ሥራ ነው?» አለች።

ጥርስ ሐኪሙ ደንግጦ ዞረ። መነጽሩን አወለቀ።

«ይቀመጡ እትዬ።»

«የሱ ነው ወይ?»

«የሳቸው ነው።»

አልተቀመጠችም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ካቻምና ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይመስለኛል። አንዳንዱ ባዶውን ይመጣል፤ አንዳንዱ እንደዚህ። እኔ እዚህ እንደገና እሞላና ለአባላቱ አድላለሁ።»

«ሌሎቹ ያውቃሉ?»

«ክበቡ ሁሉ ያውቃል። ከሳቸው ያልተማረ ማን አለ? እኔ ብያለሁ፣ ሬድዮ መውሰዳችንን እንዳናቆም። ባለፈው አዲሱን የወሰደው ልጅ ግን ሳያስብ ነው።»

«እኔንስ? ምነው አንድ ቃል ብትነግሩኝ?»

ጥርስ ሐኪሙ ሬድዮውን ከገመዱ ነቀለና እጁ ላይ አገላበጠው። «በየሳምንቱ ደስ ብሎዎት ይዘው ሲመጡ፣ ‹ዛሬም ጨረሰ› ሲሉኝ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ» አለ።

ሻይ ላስመጣልዎ ቢላት እምቢ ብላ ወጣች። የአውቶቡስ መቆሚያውን አልፋ በእግሯ ሄደች። ማንን እንደምትቀየም አላወቀችም። ለዚህ ሁሉ ጊዜ የሰው ሬድዮ እየሞላ፣ እያመሰገነ፣ ዝም ያለውን ሰው መቀየም አይቻልም። ግን ደግሞ እንደ ዓይን ብሌን ስትጠብቀው የከረመችው ነገር ቀድሞ ሄዶ ኖሯል፤ በር ላይ ቆማ ባሌ ይኸው እዚህ አለ ስትል የነበረው እጁ ብቻ ነበር። ቤት እስክትደርስ ድረስ አሰበችና እንዲህ ስትል ደመደመች፤ ቁጥሩ ልክ ሆነም አልሆነም ለውጥ ከሌለው፣ የሚጎዳው እምቢ መባሉ ብቻ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ የትኛውንም ሬድዮ እምቢ አይልም። እንግዲያው ይጫን። ሂሳቡ እንከን አልነበረበትም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሞገዱ ጋደም እንዳለ ጥርስ ሐኪሙ መጣ። ደስ አላለውም፤ ሆኖም አልተከራከራትም። ጽሑፉ ሲወጣ የኮምፒውተሩን መዳፊት ወደ እሷ ገፋላት። አስተማሪዋ «አሁን» የሚለውን ተጫነች። መስመሩ ቀስ እያለ ሞላ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። ግራጫው መስኮት የለም። ነጭ ገጽ ነው፤ ቃላቱ በትንንሽ ሥዕል ተተክተዋል፤ «አንብብ» ከግራ ተነስቶ ከታች ገብቷል። አዲሱን ሬድዮ ሰኩት። ወዲያው አነበበው።

«ሠራ» አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ቀስ ብሎ።

ሞገዱ ከእንቅልፉ ነቅቶ ፊቱን ታጥቦ መጣ። ጥርስ ሐኪሙን እንደማያውቀው እንግዳ በአክብሮት እጅ ነሳና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መዳፊቱን ያዘ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አየው። እጁ ወደ ግራ ሄደች፤ እዚያ ምንም የለም። ለአፍታ ቆመች። ከዚያ የሰው ዕቃ እንደነካ ሰው መዳፊቱን ለቀቀና ሁለቱንም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ይቅርታ» አላቸው። «ባለቤቱ የት ሄደ?»

«የምን ባለቤት?» አለች አስተማሪዋ።

«የማሽኑ ባለቤት። ሳላስፈቅድ ተቀመጥኩ።»

«ያንተው እኮ ነው ሞገዱ። ይሄውልህ፣ አዲሱም ሬድዮ ገብቷል፤ አንተ ብቻ እዚህ ጋ...»

ፈገግ አለላት፤ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ፈገግታ ነበር። «የኔ እንኳ እንደዚህ አይደለም። ግድ የለም፣ እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ።»

ጠበቀም። ጥርስ ሐኪሙ አጎንብሶ ቁልፎቹን ሊያሳየው ሞከረ፤ ሞገዱ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው፣ ግን አልነካም። ጥርስ ሐኪሙ ዓይኑን እየጠራረገ ሄደ። ፀሐይ ከመስኮቱ ላይ ወረደች። ሞገዱ እግሩን ገጥሞ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቢሮ ደጅ ተራ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ተቀምጧል። አስተማሪዋ እራት ደርሷል ብላ እስክታስነሳው ድረስ ባለቤቱ አልመጣም።

በማግስቱ ጥርስ ሐኪሙ በጠዋት ተመልሶ መጣና አዲሱን አጥፍቶ አሮጌውን ፕሮግራም መለሰ። ግራጫው መስኮት እንደ ድሮው ተከፈተ፤ «አንብብ» በቦታው በግራ በኩል ነበረች። አስተማሪዋ ባሏን በእጁ ይዛ አመጣችው። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ክፍል ሰው አለበት» አላትና ዞሮ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ቀን ሞከረች፤ በሚቀጥለው ሳምንትም። አንድ ጊዜ አስቀመጠችው፤ መዳፊቱን በእጁ ላይ አደረገችለት። እጁ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጠም።

«መምጣቱ አይቀርም ነበር እትዬ» አላት ጥርስ ሐኪሙ ሊጠይቃት በመጣ ጊዜ። «ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ወር።»

«መምጣቱስ አይቀርም ነበር» አለች። «በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ።»

ልጅየው ከምትሠራበት ከተማ መጥታ ሰነበተች፤ እናቷን አቅፋ፣ «እኔ ነኝ ያልኩሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት። አስተማሪዋ ጥፋቱን ለልጇ ልታካፍል አልፈለገችም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አለቻት። የጠባቧን ክፍል በር ዘጋችው።

ሞገዱ ሥራ ፈትቶ ቤቱ ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር። መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምን እንደሚፈልግ ቢጠይቁት አያውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ከገበያ ስትመለስ ሳሎን ተቀምጦ አገኘችው። አንድ አሮጌ ባትሪ የሌለው ሬድዮ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል።

«ምን ይላል?» አለችው።

«ዛሬ ዝም ብለዋል» አላት። «ሰው የለም።»

በማግስቱ ክሊኒክ ሄዳ፣ «አስተምረኝ» አለችው ጥርስ ሐኪሙን።

ፈቃድ ለማውጣት ፈተና አለው። የፈተናው ግማሽ ሂሳብ ስለሆነ አልከበዳትም፤ ፈታኙ የልጅ ልጆቿን ከሚያክሉ ጎረምሶች መካከል ተቀምጣ ቀድማ ስትጨርስ አይቶ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠው። የክፍሉን በር ከፈተች። ፕሮግራሙ አሁን ይጫን ወይስ በኋላ ሲላት «አሁን» አለችው። ለሷ ግራጫውም ነጩም ያው ነበር። ሁለት ሬድዮ በገመድ አገናኝታ አንድ ቻናል ብቻ ሞላችባቸው፤ ከቤት ውጭ እንዳይሰማ ኃይላቸውን ዝቅ አደረገችው፤ አንዱን ለባሏ ሰጠችው። ሌላውን ይዛ ማእድ ቤት ገባችና በሩን መለስ አደረገች።

ሬድዮውን አፏ ጋ አስጠግታ ቁልፉን ተጫነች። «የሚሰማኝ አለ?» አለች።

ለጊዜው የሬድዮው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ የባሏ ድምፅ መጣ። ከፈቃዱ ጋር የተሰጠውን የሬድዮ መለያ፣ ፊደሉንና ቁጥሩን፣ ሳይሳሳት ጠራ።

«በደንብ ይሰማል» አለ። «ድምፅዎ ጥሩ ነው። ከወዴት ነዎት?»

«ከቅርብ ነኝ።»

«ማን ልበል?»

ስሟን ልትናገር አሰበችና ተወችው። «አንዲት አስተማሪ ነኝ» አለች።

«አይ አጋጣሚ። የኔም ባለቤት አስተማሪ ናት።»

አስተማሪዋ የምድጃውን ጠርዝ ያዘች። «ምን ታስተምራለች?»

«ሂሳብ። ጎበዝ ናት። ሬድዮ ግን አትወድም» አለና ሳቀ። «አሁን የለችም፤ ሥራ ላይ ናት። ስትመጣ አገናኛችኋለሁ።»

«ትናፍቅዎታለች?»

«እንዴታ። ቤቱ ያለ እሷ ጭር ይላል። እዚህ አንዲት ደግ ሴትዮ አሉ፤ ምግብ ይሰጡኛል፣ ልብሴን ይቀይሩልኛል። ጥሩ ሰው ናቸው። ግን እሷ አይደሉም። እርስዎስ ባለትዳር ነዎት?»

«አዎ።»

«ደህና ናቸው?»

«ትንሽ አሞታል።»

«አይዞሽ እህቴ» አላት። «ማርያም ትማረው። እስኪሻለው አጠገቡ ሁኚለት።»

ፊቷን በውሃ አረስርሳ ወጣች። ሞገዱ ሬድዮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊቱ በርቷል። «ሴትዮ» አላት፣ «አንዲት አስተማሪ አገኘሁ። ባሏ ታሟል። አሳዘነችኝ።»

ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላውን በዚሁ ነበር የሚያሳልፉት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰፈሩ ወሬ፣ ስለ ልጅነቱ ያወራላታል። ስለ ሚስቱም ያወራላታል፤ እንዴት እንደተዋወቁ፣ አንድ ጊዜ ተኮራርፈው እንዴት እንደታረቁ፣ እሷ ራሷ የረሳቻቸውን ነገሮች። እሱ ይህን ሁሉ የሚናገረው ለማያውቃት ሴት ነው፤ እሷም ማእድ ቤት ቆማ፣ ባሏ እንዴት አድርጎ ይወዳት እንደነበር ከአንድ እንግዳ አፍ እንደምትሰማ ሆና ትሰማለች። ደስታም ኀዘንም የማይሉት ነገር ነበር። አንዳንድ ቀን ወጥታ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ይኸው መጣሁ ልትለው ይቃጣትና፣ ያንን ለማያውቁት ሰው የሚሰጠውን ፈገግታ ፈርታ ትተወዋለች።

እየቆየ መልሱ አጠረ። ቁልፉን መጫን ረሳ፤ ማዳመጥ ብቻ ሆነ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ከማእድ ቤቱ በር ስንጥቅ ስታይ፣ እሷ እየተናገረች ሬድዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወሬዋን አላቋረጠችም። ልጃቸው ለዕረፍት እንደምትመጣ፣ የጎረቤቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ ነገረችው። ከዚያ ሬድዮዋን አጥፍታ ወጣች፤ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና የቀረውን እዚያው ጆሮው ሥር ነገረችው።